ላሚቱ ባትወልድ ኮርማውም ይታያል

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከአምበር ገበያ ጀምሮ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ ያለውን አገር ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የዚያ አገር ገበሬ ጤፉን የሚያውቀውን ያህል ከብቱንም ያውቃል። በሬ ሊገዛ ወደ ገበያ የወረደ እንደ ሆነ ጥርሱን አይቶ፣ ሻኛውን ዳስሶ፣ አረማመዱን ተመልክቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ላሚቱ ሳትወልድ ዓመት አልፎ ዓመት የተተካ እንደ ሆነም ወዲያው «መሲና ናት» ብሎ ለሥጋ አይሸጣትም። አስቀድሞ «ኮርማው እንዴት ያለ ነው? አርጅቶ ይሆን? ታሞ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወደ ሌላ ኮርማም ነድቶ ይሞክራታል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ጥበብ ነው፤ ማንም ነውር ነው አይለውም።

ነገር ግን ይኸው ብልህ ሰው ወንድ ልጁን በዳረ ጊዜ፣ ምራቱ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ሳትጸንስ ብትቀር የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ምን ዓይነት ሴት አመጣን?» የሚል ነው። ስለ ልጁ የሚጠይቅ የለም። ለላም የተፈቀደው ፍርድ ለሰው ልጅ ሳይፈቀድ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ስል ገበሬውን ለመንቀፍ ፈልጌ አይደለም። በከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ከረባት አስሮ፣ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠው ወጣት ባለሥልጣን በዚህ ነገር ከገበሬው የተሻለ ሆኖ አላገኘሁትም። እርሱም ሚስቱን ከሐኪም ወደ ሐኪም ይልካል እንጂ ራሱ አብሯት አይሄድም። ስለዚህ ዛሬ ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ወጣቶች ይህን ጥቂት ነገር ለመጻፍ አሰብሁ።

የእናቴ ታናሽ እኅት በአምበር አካባቢ ለአንድ ጠንካራ አራሽ ተድራ ነበር። ባሏ ቁመቱ ረጅም፣ ጢሙ የሞላ፣ ድምፁ ጎርናና፣ በሥራም በጠብም ከማንም የማያንስ ሰው ነበር። አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ልጅ አልመጣም። አክስቴ በዚህ አምስት ዓመት ውስጥ ያልወረደችበት ጠበል፣ ያልጠጣችው ሥር፣ ያልተሳለችው ስለት አልነበረም። አማቷ በየበዓሉ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «ልጃችንን ያለ ወራሽ አስቀረነው» እያሉ እርሷ እየሰማች ይናገሩ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ባልየውም ወደ ሐኪም ይሂድ የሚል ሰው ሳይገኝ አክስቴ ጓዟን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገባት። ዓመት ሳይሞላ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ከዚያም ሁለት ሴቶች ልጆች ደገመች። የቀድሞው ባሏ ግን ሁለተኛም ሦስተኛም ሚስት አገባ፤ ሁለቱም አልወለዱለትም፤ ሁለቱም እንደ አክስቴ «መካን» ተብለው ከቤቱ ወጡ። እኔም ካደግሁና ጥቂት ፊደል ከቆጠርሁ በኋላ፣ በዚያ ሽምግልና ላይ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱን አግኝቼ «ለመሆኑ ነገሩ ከወንድየው ይሆናል ብላችሁ አላሰባችሁም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው በጣም ተገርመው አዩኝና፣ «እንዴት ከእርሱ ይሆናል ልጄ? እርሱ እኮ ሰንጋ አይደለም፤ ኮርማ ነው!» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ መልስ ነው። በመልሱ ውስጥ ግማሽ እውነትና ግማሽ ስሕተት አለ፤ ሦስት ሴቶች ከቤታቸው የወጡትም በስሕተቱ ግማሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አስቀድመን እውነቱን እንመልከት። ገበሬ ወይፈኑ አድጎ ሲያስቸግረው ያኮላሸዋል። ቆለጡ የተኮላሸ ከብት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠባዩ ይለወጣል፤ መዋጋቱንና ላም መከተሉን ይተዋል፤ ይረጋል፤ ሥጋና ስብ ያወጣል። ገና በጥጃነቱ የተኮላሸ እንደ ሆነም እንደ ኮርማ አንገቱ አይወፍርም። ስለዚህ ወንድን ወንድ የሚያሰኘው መልክና ጠባይ ከቆለጥ እንደሚመጣ የአምበር ገበሬ ሳይንስ ሳይማር ያውቀዋል።

በሰውም ላይ ይህ ክፉ ሥራ ተሠርቷል። በልጅነታቸው ተሰልበው ጃንደረባ እንዲሆኑ ለውጭ አገር ከተሸጡት መካከል ብዙዎቹ ከእኛው ምድር የተወሰዱ ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ በሺር አጋ፣ ከ1717 እስከ 1746 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በኦቶማን ቤተ መንግሥት የጃንደረቦች አለቃ ሆኖ ታላላቅ ሹሞችን እስከ መሾምና እስከ መሻር የደረሰ ሰው ነበር። ሥልጣኑ ብዙ ቢሆንም በልጅነቱ የተወሰደበትን ሊመልስለት አልቻለም። ለአካለ መጠን ሳይደርስ የተሰለበ ሰው ጢም አያበቅልም፤ ድምፁም እንደ ልጅ ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያሳየው በጀርመን አገር በጌቲንገን ከተማ የሚያስተምር በርቶልት የሚባል ሊቅ ነው። በ1849 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናቱ ስድስት ጫጩት አውራ ዶሮዎች ወስዶ ቆለጣቸውን አወጣ። ቆለጣቸው ጨርሶ የተወሰደባቸው ኩክኒያቸው ሳያድግ፣ ሳይጮኹና ሳይዋጉ ቀሩ። ቆለጥ ተመልሶ በሆዳቸው ውስጥ የተተከለላቸው ግን እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ ጮኹ፤ ተዋጉ፤ ሴት ዶሮም ተከተሉ። የተተከለው ቆለጥ የቀድሞው ነርቩ ተቆርጦ ስለ ነበር፣ ኃይሉ የሚተላለፈው በደም አማካይነት መሆን አለበት ሲል ሊቁ ፈረደ። እንዲህ ከአንድ ዕጢ ወጥቶ በደም ውስጥ እየተጓዘ ሩቅ ያለውን የአካል ክፍል የሚያዝዘው ነገር በ1905 (እ.ኤ.አ.) ሆርሞን የሚል ስም ወጣለት፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ማነሣሣት ማለት ነው። የወንዱ ዋና ሆርሞን ተጣርቶ የተገኘው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በ1935 (እ.ኤ.አ.) በአምስተርዳም የነበሩ ሊቃውንት ከኮርማ ቆለጥ አውጥተው ቴስቶስትሮን ብለው ጠሩት። ሽማግሌው «ኮርማ ነው» ሲሉ ሳያውቁት የጠሩት ይህንኑ ነገር ነው።

አሁን ወደ ስሕተቱ እንምጣ። ቆለጥ አንድ ቤት ቢሆንም ሁለት ክፍል አለው። በአንደኛው ክፍል ቴስቶስትሮን ይሠራል፤ ጢምን የሚያበቅል፣ ድምፅን የሚያጎረንን፣ ጡንቻንና ፍላጎትን የሚሰጥ ይህ ነው። በሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም እንደ ክር በቀጠኑና ተዘርግተው ቢለኩ በመቶ የሚቆጠር ሜትር በሚሆኑ ቱቦዎች ውስጥ፣ ልጅ የሚያስገኘው የዘር ሕዋስ ይመረታል። ከብት ሲኮላሽ ሁለቱም ክፍሎች በአንድነት ይጠፋሉ። ስለዚህ ገበሬው ሁለቱን አንድ አድርጎ ቢያያቸው አይፈረድበትም። በሕመም ጊዜ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንደኛው ክፍል ደኅና ሆኖ ሁለተኛው ሊፈርስ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሰውየው ጢሙ ሙሉ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ኃይሉም የተሟላ ሆኖ ሳለ የዘር ሕዋስ የለውም። በመልክ ኮርማ ነው፤ ልጅ ግን አይወልድም።

ከዚህም የባሰ የሚያሳስተው ሌላ ነገር አለ። ከወንድ የሚወጣው ፈሳሽ አብዛኛው ከሌሎች ዕጢዎች የሚመነጭ ነው፤ የዘር ሕዋሱ ከፈሳሹ ከመቶ ጥቂቱ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድም የዘር ሕዋስ የሌለው ሰው የሚያየው ፈሳሽ ከማንም ሰው አይለይም። እውነቱን የሚናገረው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው።

የእነዚህ ሁለት ክፍሎች አዛዥ የሚኖረው በሩቅ፣ በአንጎል ሥር ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ እንደ ደወል ምት ትንሽ ትንሽ የትእዛዝ ሆርሞን ይልካል። ይህን ሆርሞን ከአሳማና ከበግ አንጎል አጣርተው ምንነቱን የገለጹት ሻሊና ጊየማን በ1977 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ትእዛዙ ከሃይፖታላመስ በታች ወደ ተንጠለጠለችው፣ አተር ወደምታህለው ፒቱታሪ ወደምትባል ዕጢ ይደርሳል። ፒቱታሪም ሁለት መልእክተኞች በደም ትልካለች። ኤል ኤች የሚባለው ወደ መጀመሪያው ክፍል ሄዶ «ቴስቶስትሮን ሥሩ» ይላል፤ ኤፍ ኤስ ኤች የሚባለው ወደ ሁለተኛው ክፍል ሄዶ ዘሩን የሚመግቡትንና የሚያሳድጉትን ሕዋሳት ያነቃል። ሥራው በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነ ከሁለቱም ክፍሎች ወደ ላይ ወሬ ይመለሳል፤ አዛዡም ትእዛዙን ይቀንሳል። የጎደለ እንደ ሆነ ደግሞ ትእዛዙን ይጨምራል።

ይህን ለማስረዳት የባላገሩን ቤት ምሳሌ ማድረግ ይቻላል። የቤቱ እመቤት ጎተራውን እያየች ታዝዛለች እንበል። ጎተራው ሲጎድል «እረሱ፣ ዝሩ» ትላለች፤ ሲሞላ «ይበቃል፣ ዕረፉ» ትላለች። ጎተራው ደም ነው፤ እርሻው ቆለጥ ነው፤ እመቤቲቱ በአንጎል ሥር ያለችው አዛዥ ናት። ከዘር እስከ አጨዳ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ አንድ የዘር ሕዋስ ተጀምሮ እስኪያልቅ 70 ቀን ያህል ይወስዳል፤ መንገዱን ጨርሶ እስኪወጣም ሦስት ወር ገደማ ይሞላል። ስለዚህ ዛሬ ብርቱ ትኩሳት የያዘው ሰው ጉዳቱ የሚታወቀው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ መድኃኒት የጀመረም ሰው ፍሬውን ለማየት ወራት መታገሥ አለበት።

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ስለ አንድ አዲስ አደጋም ለመናገር ነው። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ጂም የሚያዘወትሩ አንዳንድ ወጣቶች ጡንቻ እንዲያወጣላቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የቴስቶስትሮን መርፌ ይወጋሉ። ሌሎችም ልጅ ሲዘገይባቸው «የወንድነት መርፌ» ብለው ይህንኑ ይፈልጋሉ። በባላገሩ ቤት ምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ሌሊት በስውር መጥቶ ከውጭ ያመጣውን እህል በጎተራው ቢገለብጥ፣ እመቤቲቱ ጎተራው ሞልቶ ታገኘዋለች፤ ገበሬዎቹንም «ዕረፉ» ትላቸዋለች። ጎተራው ሞልቶ እርሻው ጦም ያድራል። የዘር ሕዋስ ለማፍራት በቆለጥ ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን በደም ካለው በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት፤ በክንድ የተወጋው መርፌ ይህን ሊተካ አይችልም። ስለዚህ ወጣቱ ጡንቻው ሲያብጥ ቆለጡ ይከስማል፤ ዘሩም ይነጥፋል።

ይህ እውነት መሆኑ የታወቀው በክርክር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ጤናማ ወንዶች በየሳምንቱ ቴስቶስትሮን ሲወጉ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በስድስት ወር ውስጥ አንድም የዘር ሕዋስ የማይገኝባቸው ሆነዋል። ጥናቱ የተደረገው መርፌው ለወንድ የወሊድ መከላከያ ይሆን እንደ ሆነ ለመመርመር ነበር። ልጅ ፈልጎ ቴስቶስትሮን የሚወጋ ሰው እንግዲህ መውለጃ ይሆነኛል ብሎ መከላከያ መውሰዱ ነው። መርፌውን ሲተው ብዙውን ጊዜ ዘሩ ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ወንድነትን ከመርፌ መፈለግ ዛሬ የተጀመረ ሞኝነትም አይደለም። በ1889 (እ.ኤ.አ.) ብራውን ሴካር የተባለ የተከበረ ሊቅ፣ በ72 ዓመት ዕድሜው፣ ከውሻና ከሌላም እንስሳ ቆለጥ የጨመቀውን ውሃ ራሱን ወግቶ ጉልበቴ ተመለሰ ሲል በፓሪስ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተናገረ። በኋላ ሲመረመር እንዲህ በውሃ የተጨመቀ ነገር ቴስቶስትሮን እምብዛም እንደማይኖረው ታወቀ። ጉልበቱን የመለሰለት ተስፋው ነበር። ታላቁን ሊቅ ያሳሳተ ነገር ወጣቱን ቢያሳስት አይደንቅም፤ ልዩነቱ የዛሬው መርፌ እውነተኛ መሆኑና ጉዳቱም እውነተኛ መሆኑ ነው።

ወደ አክስቴ ባል ልመለስ። ያን ጊዜ የጠየቅኋቸው ሽማግሌ ጨዋታችን ሲረዝም አንድ ነገር አስታወሱ። ሰውየው በጎረምሳነቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር፤ ሕመሙ ወደ ታች ወርዶ ቆለጡን ሁለቱንም አሳብጦት ከአልጋ ብዙ ቀን ውሎ ነበር አሉኝ። ጆሮ ደግፍ በሕፃንነት ሲይዝ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ሲይዝ ግን ቆለጥን ሊያሳብጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው አንዱን ብቻ ስለሆነ ዘር ጨርሶ አይጠፋም፤ ሁለቱን የያዘ እንደ ሆነ ግን የዘሩን ክፍል አፍርሶ የቴስቶስትሮኑን ክፍል ሳይነካ ሊሄድ ይችላል። በእርሱም ላይ የደረሰው ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። ያለ ምርመራ መፍረድ ስሕተት ነው ብዬ እየጻፍሁ እኔው ያለ ምርመራ ልፈርድ አይገባኝም። ነገር ግን ምርመራው ቀላል ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም።

የወንድን ዘር የሚጎዳው ጆሮ ደግፍ ብቻ አይደለም። በቆለጥ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ ሙቀት ይጨምራሉ፤ ቆለጥ ደግሞ ሥራውን በሚገባ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ከሆድ ውጭ ተንጠልጥሎ የተፈጠረውም ስለዚህ ነው። በጊዜው ያልታከመ ጨብጥ የዘሩን መንገድ ሊደፍን ይችላል። የፒቱታሪ ሕመም ትእዛዙን ያቋርጣል። ከተፈጥሮ የሚመጣም አለ፤ ከስድስት መቶ ያህል ወንዶች አንዱ አንድ ትርፍ ክሮሞሶም ይዞ ይወለዳል፤ ብዙዎቹም ይህን ሳያውቁ ያድጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) እንደ ገለጸው በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው ውስጥ የመውለድ ችግር ያገኘዋል። ልጅ ካጡት ባልና ሚስት መካከል በግማሹ ያህል ምክንያቱ ወይም የምክንያቱ ከፊል ከወንዱ ነው።

አንዳንድ ሰው «ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ሐኪም ምን አገባው?» ይል ይሆናል። ልጅ ስጦታ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ይህን የሚል ሰው ሚስቱን ወደ አባቷ ቤት ሲሰድ ስጦታው የዘገየው በእርሷ ጥፋት ነው ብሎ ፈርዷል፤ ነገሩን ለፈጣሪ አልተወውም። ጠበልና ምርመራ አይጣሉም፤ ጠበል የሚሄዱ ከሆነም ሁለቱም ይሂዱ፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱ ከሆነም ሁለቱም ይሂዱ።

ሌላው ደግሞ «ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ምርመራ ማድረጉ ያሳፍራል» ይላል። ዕፍረቱን አልክድም። ግን ሁለቱን ምርመራዎች እናመዛዝን። ሴቲቱ የምትመረመረው በብዙ ቀጠሮ፣ በደም፣ በራጅ፣ አንዳንድ ጊዜም በሕመም ነው። ወንዱ የሚጠየቀው ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ታቅቦ ናሙና እንዲሰጥ ብቻ ነው። ቀላሉን ትቶ ከባዱን ማስቀደም ምን ዓይነት ሥርዓት ነው? የአንድ ሚሊ ሊትር የዘር ፈሳሽ 16 ሚሊዮን ያህል የዘር ሕዋስ ቢኖረው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ መሠረት ከዝቅተኛው ወሰን ደርሷል ይባላል። ከዚያ ያነሰ ሰውም ልጅ አይወልድም ማለት አይደለም፤ ቁጥሩም ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለዋወጥ ምርመራው መደገም አለበት።

ደግሞስ ተመርምሮ ምን ይገኛል ለሚል ሰው መልስ አለ። ከፒቱታሪ የመጣ ጉድለት ለወራት በሚሰጥ የሆርሞን መርፌ ሊታከም ይችላል፤ ይህም ከቴስቶስትሮን መርፌ የተለየ ነው፤ ጎተራውን በስውር ሳይሞላ እርሻውን ራሱን ያነቃል። ያበጠ የደም ሥር በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። መንገዱ ለተደፈነበት ሰውም ዘሩን ከቆለጡ አውጥቶ ከሴቲቱ እንቁላል ጋር በላቦራቶሪ ማገናኘት ይቻላል፤ አንድን የዘር ሕዋስ በመርፌ ወደ እንቁላል ማስገባት ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ሕክምና ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ይህ ሕክምና ከባላገር ለሚመጣ ሰው ሩቅና ውድ መሆኑን አውቃለሁ። የመጀመሪያው ምርመራ ግን ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይፈልጋል። ሕክምና ባይገኝ እንኳ እውነቱ ዋጋ አለው፤ ባልና ሚስት እውነቱን ዐውቀው አብረው ለመኖር፣ ጉዲፈቻ ለማሳደግ ወይም በሰላም ለመለያየት ይችላሉ። ከሐሰት ፍርድ ግን ማንም አልተጠቀመም።

ስለዚህ አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው ልጅ ያላገኙ ባልና ሚስት በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሁለተኛ፣ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ያላችሁ ወጣት ባለሙያዎች ሴቲቱ ብቻዋን ስትመጣ «ባለቤትሽ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ወሊድ መከላከያ የሚያስተምሩትን ያህል ልጅ ስለ ማጣትም ያስተምሩ። ሦስተኛ፣ በወረዳና በቀበሌ የተቀመጣችሁ፣ ነገም ሽማግሌ የምትሆኑ ወጣቶች፣ የባልየው የምርመራ ውጤት ሳይቀርብ «መካን ናት» በሚል ክስ ትዳር ለማፍረስ አትቀመጡ። አራተኛ፣ ማንም ወጣት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የወንድነት መርፌ አይውጋ።

ይህን ስል ጥፋቱን ከሴት አውርጄ በወንድ ላይ ለመጫን አይደለም። መታመም ጥፋት አይደለም፤ ዘር ማጣትም ወንድነትን ማጣት አይደለም። እንዲያውም ሁለቱ የቆለጥ ክፍሎች የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው፤ ወንድ መሆን ሌላ ነው፣ ልጅ ማስገኘት ሌላ ነው፤ አንደኛው የጎደለበት ሰው በሌላኛው ሊያፍር አይገባውም። ይህን ያወቀ ሰው ከምርመራ የሚሸሽበት ምክንያት የለውም።

አክስቴ ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት። የቀድሞ ባሏ አርጅቶ ብቻውን ይኖራል፤ እርሷም በዓመት በዓል ቀን ከጋገረችው ዳቦ ከፍላ በልጅ ትልክለታለች። አንድ ጊዜ «እንዲያ አድርጎሽ እንዴት ትልኪለታለሽ?» አልኋት። ዳቦውን በጨርቅ እየጠቀለለች፣ «እርሱም እኮ አልዋሸም፤ የነገረው ሰው አልነበረም» አለችኝ።

ያን ጊዜ የሚነግረው አልነበረም። ዛሬ እናንተ አላችሁ። ማይክሮስኮፕ ምን እንደሚያሳይ ተምራችኋል፤ በአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ ምን እንደምታዝዝ በክፍል ውስጥ ጽፋችሁ ተፈትናችኋል። ለፈተና ያጠናችሁትን ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትመለሱ በቡና ላይ፣ በማኅበር ላይ፣ በሽምግልና ላይ ተናገሩት። የአምበር ገበሬ አዲስ ጥበብ እንዲማር አንጠይቀውም፤ ለላሙ የሚያደርገውን ፍርድ ለምራቱም እንዲያደርግላት ብቻ ነው የምንለምነው።